ወደ ግራ የተጠመዘዘው ሽቦ

ስሟን ማንሳት በማያስፈልገን አንዲት ጥንታዊ የተራራ ከተማ ሐጂ ጦይብ የሚባሉ አዛውንት መካኒክ ይኖሩ ነበር፤ አላህ ይዘንላቸው። ሶላታቸውን የማያሳልፉ፣ ከሰው ሐቅ የሚጠነቀቁ፣ ግን ቁጣቸው ከሁለት ሰፈር የሚሰማ ሰው ነበሩ። በቀኛቸው ይበላሉ፤ የእጅ ሥራቸው ሁሉ ግን በግራ ነው።

ለመስጊዱ ወቅፍ ሆና ለአላህ ተብላ የተሰጠች አሮጌ ጂፕ ነበረች፤ ከተራራው መንደሮች በሽተኛ ታወርዳለች። አንድ ሐሙስ ማታ ምጥ የያዛት ሴት ጭና ቁልቁለቱን ስትወርድ ከዳሽቦርዷ ሥር ጭስ ወጣ። የኤሌክትሪክ ገመዶቿ ነደዱ፤ መንገድ ላይ ቀረች። ሴትዮዋን በቃሬዛ አወረዷት። እሷ ተረፈች፤ ሕፃኑ አልተረፈም።

በማግስቱ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ሐጂ ጦይብ መስጊዱ በር ላይ ሾፌሩን እንድሪስን አስቆሙት።

«ሲጋራህን ጥለህ ነው! የአላህን አማና፣ የሕዝቡን አደራ አቃጠልክ!»

«ወላሂ አላጨስኩም፣ ሐጂ» ቢል ማን ሰምቶት። ቁልፉን ነጠቁት። ከዚያ ወዲያ ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። መንገድ ላይ ሲያገኛቸው «አሰላሙ ዐለይኩም» ይላል፤ እርሳቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በስምንተኛው ዓመት የመስጊዱ ኮሚቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆማ የዛገችው ጂፕ ትጠገን አለ። ሐጂ ጦይብ ግቢያቸው አስገቧት። የነዳጅ ማጠራቀሚያዋን አውርደው ጠጠርና ሰንሰለት ከተቱበት፤ እያንከባለሉ ዝገቱን አራገፉ። የነዳጅ መስመሩን በአፋቸው ነፉ። የካርቡራተሩን ቀዳዳዎች በቀጭን ክር ጠረጉ። ዝገት ባዩ ቁጥር እንድሪስን ይራገማሉ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አሊጋዝ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል። «ሐጂ፣ ዝገቱንም እሱ ነው ያመጣው በሉና ይውጣልዎ» ብሎ ሳቀ።

«ዝም በል! የሕፃን ነፍስ ነው የምናወራው!»

ነዳጁ ሲስተካከል ወደ ኤሌክትሪኩ ዞሩ። የነደደውን ገመድ እየተከተሉ ፊውዝ ሳጥኑ ጋ ደረሱ። በፊት መብራቱ ፊውዝ ቦታ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ታስሯል። ፊውዝ በውስጧ ቀጭን ክር አላት፤ መስመሩ ከልክ በላይ ሲግል ቀድማ ትበጠስና ገመዱን ታድናለች። ይህ ሽቦ አልተበጠሰም። ገመዱ ሁሉ ነድዶ እሱ በቦታው ነበር።

«ይህን ያሰረ እጁ ይሰበር!» ብለው ጮኹ።

ከዚያ ሽቦውን ጠጋ ብለው አዩት። ሽቦው የተጠመዘዘው ወደ ግራ ነበር። በዚያች ከተማ እንዲህ የሚጠመዝዝ አንድ እጅ ብቻ ነበር። ትዝ አላቸው፤ ከቃጠሎው ጥቂት ቀደም ብሎ ፊውዝ ከገበያ ጠፍቶ «እስከ ጁሙዓ ይያዝ» ብለው አሰሩት፤ ረሱት።

አሊጋዝም ገባው። በሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐጂ፣ ቆርጠው ይጣሉት። ዐይብን፣ የሰውን ነውር፣ መሸፈን ደግ ነገር ነው። እንድሪስም ለምዶታል።»

«ለምዶታል?» አዛውንቱ ብድግ አሉ። «በእኔና በአላህ መካከል ያለ ቢሆን እሸፍነው ነበር። ይሄ የሰው ሐቅ ነው! የእኔን ዐይብ በእንድሪስ ቆዳ ልሸፍን? ውጣ ከግቢዬ!»

ጁሙዓ ደረሰ። ሐጂ ጦይብ በዚያው በመስጊዱ በር ላይ ሽቦውን ከፍ አድርገው ቆሙ። አሊጋዝ ጀለቢያቸውን ቢጎትት እጁን መቱት።

«ጂፗን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። እንድሪስ ንጹሕ ነው። ትናንት የሕፃኑ እናት ቤት ሄጃለሁ፤ እዚያ የተባልኩትን እኔና እሷ እናውቀዋለን።» ከዚያ ወደ እንድሪስ ዞሩ። «አሰላሙ ዐለይኩም። አፉ በለኝ፤ ይቅር በለኝ።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም» አለ እንድሪስ። «ሰላምታን መመለስ ግዴታ ስለሆነ መለስኩ። እርስዎ ሰባት ዓመት የነፈጉኝን።»

«አፉ በላቸው እንጂ! ሽማግሌ ናቸው!» አሉ ሰዎች።

«ያን ቀን ማናችሁ ‹የልጅ አባት ነው፣ እንስማው› አላችሁ? ዛሬ አታጣድፉኝ!»

«ተዉት» አሉ ሐጂ ጦይብ። «ቁጣው ሐቁ ነው።» ቁልፉንና አንዲት አዲስ ፊውዝ ሰጡት። ቀጥለውም ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አሉ፤ «ቀጭኗ ክር ቀድማ የምትቃጠለው ሌላው እንዳይነድ ነው። እኔ ስሜ እንዳይቃጠል ወፍራም ሽቦ ሆንኩ።»

ይህ ታሪክ ሲነገር የሐጂው ተውባና ጸጸት ይወደሳል፤ ይገባቸዋልም። እኔን የሚያንገበግበኝ በሩ ላይ የቆመው ሕዝብ ነው። ሾፌሩ ሲከሰስ ራሱን ነቀነቀ። ሐጂው ሲናዘዙም ራሱን ነቀነቀ። ሰባት ዓመት ከእንድሪስ ጋር በአንድ ሰፍ ጎን ለጎን ተሰልፎ ሰግዶ ሲያበቃ፣ አፉ ለማሰኘት ሲሆን አፍ አወጣ። ሐጂ ጦይብ በሽቦው ላይ የእጃቸውን ምልክት ስላገኙ ተጸጸቱ። በሩ ላይ የነበሩት ሰዎች እጃቸው በየትም ሽቦ ላይ የለም፤ ስለዚህ ያን ዕለት ወደ ቤታቸው ሄደው ምሳቸውን በሉ። እንድሪስን አፉ በለኝ ያለው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው።