ደረሰኝ የሌለው ፕሮግራም

አንድ ቀን ደሴ ከተማ ውስጥ ሙሄ የሚባል የጌም ቤት ባለቤት ተከሶ ቀበሌ ቀረበ። ከሳሹ ማን ነው ቢባል፣ ጎረቤቱ አቶ ደምሰው፤ ያ ስልኩን አፍንጫው ላይ ለጥፎ የኮምፒውተር ወሬ ሲለቅም የሚውለው! እሱ ያላነበበው ዜና፣ ያልፈተፈተው ነገር የለም። ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጠውን ዘምዘምን እንኳ አላለፋትም። «ይሄ ስልክሽ እኮ ሞቷል! ካምፓኒው ከእንግዲህ አላውቀውም ብሏል» ቢላት፣ «ውይ በሞትኩት! ታዲያ አሁን ከእህቴ ጋር ያወራሁት ከሬሳ ነው?» ብላ ሰፈር አስቃበታለች።

የደምሰውና የሙሄ ጠብ የጀመረው በጨዋታ ነው። ደምሰው ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን ሰቅሎ የዘመኑን ጌም ቤት ከፈተ። ሰው ሊጫወት ሲቀመጥ ማሽኑ «ቆይ፣ መጀመሪያ ልታደስ» ይላል። እሱ ሲታደስ መብራት ይሄዳል። መብራት ሲመጣ ደግሞ ኔትወርክ የለም።

ሙሄ ምን አደረገ? አንድ መሥሪያ ቤት አርጅተዋል ብሎ የጣላቸውን ሦስት ኮምፒውተሮች ሰብስቦ፣ አቧራቸውን አራግፎ፣ ከኢንተርኔት ያወረደውን ፕሮግራም ጫነባቸው። ያለው የድሮ ዓይነት ጨዋታ ነው፤ ትንሿ መኪና፣ ዘላዩ ሰውዬ፣ ከላይ የሚወርደው ጡብ። ግን ገና ሲነኩት ይነሳል። የባጃጅ ሾፌሩ፣ የባንክ ዘበኛው፣ ሚስት አግብተው ልጅ የወለዱ ወንዶች ሳይቀሩ ተጋፍተው እየተቀመጡ «ሞትኩ! ኧረ ሞትኩ!» እያሉ ሲጮኹ ይውሉ ጀመር። የደምሰው ቴሌቪዥን ብቻውን ያበራል።

ይሄኔ ቅናት ያንጨረጨረው ደምሰው «ሙሄ የሰው ፕሮግራም ሰርቆ ነው የሚሠራው» ብሎ ከሰሰ። የሙሄ ቤት ታሸገ፤ ሦስቱ ኮምፒውተሮችም ተጭነው ቀበሌ ተወሰዱ። ሙሄ ሌላ መተዳደሪያ የለውም። እነሱ ከተወረሱ አለቀለት።

ዳኛው ጋሽ ይመር ኮምፒውተሮቹን አንዴ በመነጽር፣ አንዴ ያለ መነጽር አዩና ጠየቁ።

«ሙሄ፣ ይሄን ፕሮግራም የገዛህበት ደረሰኝ አለህ?»

«የለኝም፣ ክቡር ዳኛ።»

«ይኸው!» አለ ደምሰው ሳይፈቀድለት ተነስቶ። «ክቡር ዳኛ፣ እርስዎ ይሄን ነገር አያውቁትም፤ አይፈረድብዎትም። በዚህ ከተማ ስለ ኮምፒውተር የሚያውቅ ቢኖር እኔ ነኝ!»

«ተቀመጥ!»

«እቀመጣለሁ። ግን እኔ ነኝ።»

ሙሄ እውነቱን ቢናገር ማን ሊያምነው? ለጋሽ ይመር ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ሁሉ የሌባ ዕቃ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ስለ ኮምፒውተር ቃሉ የሚሰማለት ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከሳሹ ሆኖ ተገኘ። ሙሄ ቀና ብሎ ደምሰውን አየው። ሰውዬው ተቀመጥ ስለተባለ ብቻ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል፤ ከንፈሩ እረፍት የለውም።

«ለመሆኑ ዋጋው ስንት ነው?» አሉ ዳኛው።

ሙሄ ራሱን እከክ እከክ አደረገና፣ «እሱን እንኳ ይተዉት፣ ክቡር ዳኛ፤ ረቀቅ ያለ ነገር ነው። አቶ ደምሰውም የሚያውቁት አይመስለኝም» አለ።

ደምሰው እሳት እንደነካው ብድግ!

«ማን? እኔ? እኔ የማላውቀው? ስማ አንተ! ይሄ እኮ ክፍት ምንጭ የሚባለው ነው! የዓለም ባለሙያ ተሰብስቦ ጽፎት፣ የፈለገ ያውርደው፣ የፈለገ ይገልብጠው፣ የፈለገ ለጎረቤቱ ያድለው ብሎ የለቀቀው! ጨዋታዎቹም እንደዚያው! ምን ዋጋ አለው? ነፃ ነው! ነፃ! ዓለም ያወቀው ነፃ!»

ሙሄ ቃል ወደምትመዘግበው ጸሐፊ ዞር ብሎ፣ «እህቴ፣ ጻፊልኝ እስቲ፤ ከሳሽ ‹ነፃ ነው› ብለዋል» አላት።

ጋሽ ይመር ጠረጴዛውን መቱ። «ሰውዬ! እዚህ ቤት ነፃ ነው፣ ነፃ አይደለም የምለው እኔ ነኝ!»

«እሱማ ልክ ነዎት፣ ክቡር ዳኛ» አለ ሙሄ እጅ እየነሳ፤ «ግን እርስዎ አያውቁትም ተብለዋል። የሚያውቁት ሰውዬ ነፃ ካሉኝማ፣ ዕቃዬን ይዤ ልሂዳ!»

ክሱ ተዘግቶ ሦስቱ ኮምፒውተሮች ቀበሌው ደጅ ባጃጅ ላይ ሲጫኑ፣ ደምሰው ውስጥ ሆኖ ለጸሐፊዋ ስለ ክፍት ምንጭ ገና እያስረዳ ነበር።