ቀዳዳ የሸጠችው አንጓች

ልጆች፣ ቀረብ በሉ፤ ድምፄ ደክሟል። ከምነግራችሁ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ዕድሜዬ እዚሁ ይጠር!

በድሮ ዘመን አንጓች የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። እጇ ጎበዝ ነው፤ ግን ደክማለች። ሠላሳ ዓመት እሳት እፍ ስትል ከዓይኗ የወረደው እንባ የጓሮዋን ጎመን ያጠጣ ነበር። ያለቻት አንዲት ነጭ ዶሮ ናት፤ ሆዳም፣ ምላሰኛ ዶሮ።

አንጓች ጭቃውን ከእብቅ ጋር ለውሳ ማሰሮዎች ሠራች፤ ፀሐይ ላይ ደፋቻቸው። እብቁ ውስጥ ጤፍ ቀርቶ ኖሮ ዶሮዋ ስትለቅም ቂጣቸውን ወንፊት አደረገችው። አንጓች ገበያ ሳትወጣ ቀረች።

"ደከመኝ" አለች።

በሁለተኛው ሳምንት አፍርሳ ሠራቻቸውና ቅርጫት ደፋችባቸው። ዶሮዋ ቅርጫቱን ገልብጣ ጠቀጠቀቻቸው።

"ደከመኝ፣ ደከመኝ።"

በሦስተኛው ሳምንት ቆጥ ላይ ሰቀለቻቸው። ቆጥ ላይ! ዶሮ የት የምታድር መስሏት ነው?

"ደከመኝ፣ ደከመኝ፣ አሁንስ ደከመኝ!"

አፍርሳ ለመሥራት ጉልበት ስላጣች ከነቀዳዳቸው ተኮሰቻቸው። ቤት የቀረው አንድ እፍኝ ዱቄት ነው። ዶሮዋን አሰረችና ጎረቤቷን አያ ደርቤን እንዲያርድላት ጠራችው።

ላባ መንጫ ውሃ ይፍላ ቢባል፣ ጣሪያው አፍስሶ ምድጃው ረጥቧል። ከተበሱት ማሰሮዎች አንዱን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ፍም ጨመረችበት፤ ድስት ጣደችበት። እፍ ልትል ጎንበስ ስትል ነፋሱ በቀዳዳዎቹ ገብቶ ፍሙን አቀጣጠለው። ምራቋን ሳትውጥ ውሃው ተንፈቀፈቀ።

"እሜቴ፣" አለች ዶሮዋ ከታሰረችበት፣ "ዛሬ እኮ አላለቀስሽም።"

አንጓች ዓይኗን ዳሰሰች። ደረቅ ነው።

"ልባርካት?" አለ አያ ደርቤ፣ ቢላዋውን ስሎ።

"ተዋት፤ ሥራ አላት።"

"የዶሮ ሥራ ወጥ መሆን ነው እንጂ!"

"ቀዳዳ ትሠራልኛለች። ቅዳሜ እሸጠዋለሁ።"

"ቀዳዳ? አይ አንጓች፣ ረሃቡ ራስሽ ላይ ወጣ!"

ቅዳሜ ገበያ መሐል አንዱ ማሰሮ ውስጥ ፍም ጨምራ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። እሳቱ ራሱን እፍ አለ። የሴቶቹ ሰልፍ ሰባት ኮረብታ ዞረ፤ ከፊት የቆመችው የአያ ደርቤ ሚስት ነበረች!

ከዚያ ወዲህ አንጓች ጭቃው ውስጥ ሆን ብላ ጤፍ ትበትናለች፤ ዶሮዋ ደመወዟን እየለቀመች ትበሳለች። አንጓች ማታ ማታ ግድግዳ ተደግፋ "ደከመኝ" ትላለች፤ ግን ዓይኗ ደረቅ ነው።

እናንተም ልጆች፣ ሥራችሁን ያበላሸባችሁን ነገር ከማረዳችሁ በፊት አንዴ ፍም ጨምሩበትና እዩት።

ሁሉም እውነት ነው። እሺ... አንዲት ነገር ብቻ ጨምሬአለሁ፤ ዶሮዋ ነጭ አልነበረችም፣ ገብስማ ነበረች።