ጠጅቱ ያጠበችው ቡሃቃ

ሰው በገዛ እጁ ያጠፋውን ነገር ከጎረቤት ሲለምን፣ እኛ አገር የሚባል ነገር አለ። ወጣቶቹ ይስቁበታል እንጂ ከየት እንደመጣ አያውቁም። እኔ ከእናቴ ሰምቼዋለሁና ልንገራችሁ፤ ብቻ አታቋርጡኝ።

የሻረግ የምትባል አዲስ ሙሽራ ነበረች። አማቷ እመት ደብሪቱ ከዋንዛ እንጨት የተፈለፈለ የሊጥ ቡሃቃ ነበራቸው። ሊጡ ሲያልቅ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ ያደርጉትና፣ ከታች የቀረችውን እርሾ እንዳለች ከድነው ጓዳ ያስቀምጡታል። ውሃ አያስነኩትም፣ ፀሐይ አያሳዩትም። ዕድሜውን እንዲህ ኖሯል።

የሚካኤል ማኅበር ተራ ደረሳቸውና የየሻረግ አክስት ጠጅቱ ልታግዝ ከሩቅ አገር መጣች። ሴትዮዋ ደግ ናት፤ ግን ችኮላዋ! በእሷ አገር ሊጥ የሚቦካው በሸክላ ነው፤ እርሾም ለብቻው በቅል ይቀመጣል። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን በሄደበት ቡሃቃውን ገለጥ ብታደርግ ሸተታት። «ወይ ጉድ! ልጃችንን ለዚህ ነው የዳርናት?» አለችና በፈላ ውሃና በአመድ ፈትጋ ፈትጋ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ እንደ አጥንት አነጣችው። ከዚያ በቦታው መለሰችው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ የደግ ሥራ አይወራም ብላ ነው አሉ።

የሻረግም፣ አማቷ «ዱቄቱን ጨምረሽ አቡኪ» እንዳሏት፣ በጨለማው ጓዳ ምኑንም ሳታይ አቦካች። በማግስቱ ሊጡ ዝም። በሁለተኛውም ቀን ዝም። አንዲት አረፋ እንኳ የለችም።

እመት ደብሪቱ ግራ ገባቸው። ዱቄቱ ይሆን ብለው ቀመሱት፤ ደህና ነው። ብርድ ይሆን ብለው ጋቢ አለበሱት፤ አሁንም ዝም። ጠጅቱ ደግሞ «ቡዳ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን!» ብላ ክዳኑ ላይ ጤና አዳም አኖረች። የሻረግ ራሷን ተጠራጥራ እጇን ታገላብጣለች።

«የእጅሽ ነገር ነው» አሉ በመጨረሻ አማቲቱ። «ከነገ ወዲያ ማኅበርተኛው ባዶ ሌማት ፊት ከተቀመጠ፣ አንቺ እዚህ ቤት አታድሪም። ወደ አባትሽ ትመለሻለሽ።»

ልጅቷ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ጠጅቱ ቅል አንስታ እየሮጠች ጎረቤት እማሆይ ወለተ ሐና ቤት ገባች።

«እማሆይ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ እርሾ ይስጡኝ! የልጄ ትዳር ሊፈርስ ነው!»

«እርሾ? ለደብሪቱ ቤት?» አሉ እማሆይ ግራ ተጋብተው። «የእኔው እርሾ እንኳ የተገኘ ከእሷ ቡሃቃ ነው እኮ። ምን አገኘው?»

«እኛም ግራ የገባን እሱ ነው! ቡሃቃው እንደሆነ እድፍ የለበት። በገዛ እጄ በአመድ ፈትጌ ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

 እማሆይ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ጠጅቱ ምን እንዳሳቃቸው አልገባትም፤ ቅሏን እንደዘረጋች ቆማለች። ቅሉን ሞሉላትና ክንዷን ይዘው ራሳቸው ወሰዷት። ሲደርሱ የሻረግ ልብሷን እየጠቀለለች ነው።

«ደብሪቱ፣ ልጅቱን ተያት፤ እጇ ምንም አልሆነ» አሉ እማሆይ ጠጅቱን ወደፊት ገፋ እያደረጉ፤ «ይልቅ እንግዳሽን እያት፣ ቡሃቃ አጥባ እርሾ ትለምናለች!»