ወለሉን በምንጣፍ የሸፈነው ሰው

አንድ ቤት የሠራ ሰው ነበረ። አባ ፍሥሐ እንዲህ ብለው የጀመሩት፣ በቅርቡ ያገባችው የንስሐ ልጃቸው ወይንሸት ላቀረበችላቸው ጥያቄ መልስ ሲሰጡ ነው። «አባ፣ ባሌ ሲያስከፋኝ ፈገግ ብዬ አልፈዋለሁ። ውስጤ ግን እየራቀው ነው። ዝም ማለቴ ፍቅር አይደለም ወይ?» ብላቸው ነበር።

ሰውየው ሹፌር ነበር። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከአንዱ የኪራይ ቤት ወደ ሌላው ሲንከራተት ኖሮ፣ በስተመጨረሻ ከከተማው ዳር የራሱን ቤት ሠራ። ግድግዳው ቆመ፣ ቆርቆሮው ተመታ፣ የቀረው ወለሉ ነበር። ሴራሚክ እንዲያነጥፍለትም አንድ የሰፈሩን ሰው ጠራ። አንጣፊው ጨዋታ ዐዋቂ ነበር። ሲሠራ ያንጎራጉራል፤ ምሳ ሲቀርብ ሹፌሩ ካልመጣ እጁን አይሰድም። ሥራው ሳያልቅ ሁለቱ የልብ ወዳጆች ሆኑ።

ያለቀ ዕለት አንጣፊው ደጅ እጁን ሲታጠብ ሹፌሩ ጫማውን አውልቆ ገባ። ሳሎኑ መካከል ሲደርስ ከጎኑ ካለው ከፍ ብሎ የተነጠፈ ሴራሚክ ጣቱን መታው። ጎንበስ ብሎ ቢያንኳኳው እንደ ባዶ ጣሳ ጮኸ፤ ሥሩ ሲሚንቶ አልጠጣም። አንጣፊው ፊቱ በደስታ በርቶ ገባና «እንዴት አገኘኸው?» አለው። ሹፌሩ ያን ፊት ሲያይ እውነቱን ዋጠ።

«እጅህ ይባረክ፤ ቆንጆ ነው» አለ።

ሚስቱ ንገረው ብትለው፣ ይከፋዋል አላት። ገበያ ወጥቶ ትልቅ ምንጣፍ ገዛና ሳሎኑን ሸፈነው። መታጠቢያ ቤቱ ግን የባሰ ሆነ፤ ውሃው መውረጃውን ትቶ ወደ መኝታ ቤት ይሄዳል። ሰውየው ጠዋት ጠዋት በሩ ሥር የወሸቀውን ጨርቅ ይጨምቃል፤ በጨመቀ ቁጥር በአንጣፊው ላይ ልቡ ይሻክራል። መንገድ ላይ ሲያየው አቅጣጫ መቀየር ጀመረ። ለአንጣፊው ያልነገረውን ለጎረቤቱ ሁሉ ነገረ።

ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንጣፊው አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት አስከትሎ መጣ። እሳቸውም ቤት እየሠሩ ነው።

«ሥራዬን እንዲያዩልኝ ነው ያመጣኋቸው» አለ። «ካንተ የተሻለ ምስክር የለኝም።»

ሹፌሩ ሴትየዋን አየ፣ ሚስቱን አየ። ከዚያ ተንበርክኮ ምንጣፉን ጠቀለለው። ወለሉን እዚህም እዚያም አንኳኳ፤ ድምፁን ሁሉም ሰማ።

«ወንድሜ፣ ይህ ወለል ተበላሽቷል፤ የመታጠቢያ ቤቱም ውሃ ወደ መኝታ ቤት ይሄዳል» አለ። «ያን ዕለት ቆንጆ ነው ያልኩህ ዋሽቼህ ነው። ከዚያ ደግሞ በሰው ፊት አማሁህ።»

አንጣፊው ፊቱ ጠቆረ። መታጠቢያ ቤት ገብቶ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋ፤ ውሃው በእግሮቹ መሃል አልፎ ወደ መኝታ ቤቱ ሲሄድ ቆሞ አየው።

«ምን በድዬው ነው ሰላምታ የነሣኝ እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ» አለ በመጨረሻ። «በዚያው ዕለት ብትነግረኝ በማግስቱ አነሣው ነበር።» ይህን ብሎ ወጣ። ባልና ሚስት ተቆርጦ ቀረ ብለው ሲያዝኑ፣ መሮና መዶሻ ይዞ ተመለሰ።

ሹፌሩም የዓመት ፈቃዱን ወሰደና ሲሚንቶ አቡኪ ሆነ። ሲሚንቶ ማቡካት እንደማይችል አንጣፊው ፊት ለፊት ነገረው፤ ተሳሳቁ። በየሴራሚኩ ላይ ውሃ ልክ እያስቀመጡ ዝንባሌውን እያዩ፣ እያንኳኩ፣ የማይሆነውን እያነሡ ጨረሱ። መታጠቢያ ቤቱ ሲደርቅ ቤተሰቡ በሙሉ በሩ ላይ ተጋፍቶ ቆመ። ሹፌሩ ውሃ ደፋ። ውሃው ትንሽ ያመነታ መሰለና ዞሮ ወደ መውረጃው ወረደ። ሚስቱ እልል አለች። መምህርቷም አንጣፊውን ጠርተው የቤታቸውን ወለል ሥራ ሰጡት፤ ጥፋቱን በገዛ መዶሻው የሚያፈርስ ሰው ነው ሲፈልጉ የነበሩት። በሹፌሩ ቤት ምረቃ ቀን የመጀመሪያውን ጉርሻ የጎረሰው አንጣፊው ነበር።

አባ ፍሥሐ ወደ ወይንሸት ዞሩ።

«ባልሽም ልጄ፣ ‹እንዴት ነው?› እያለ ፊትሽን የሚያይ ሰው ነው። አንቺ ቆንጆ ነው ትይውና ምንጣፍ ትደርቢበታለሽ። ጥፋቱን ከጎረቤት ሸሽጊለት፤ ከራሱ ግን አትሸሽጊው። ከራሱ ከሸሸግሽው በምን ያስተካክለዋል? ስትነግሪውም እንደ ሹፌሩ ከራስሽ ጀምሪ፤ ‹ደስ ብሎኛል ያልኩህ እውነት አልነበረም› በይው።»

«ቢቆጣብኝስ፣ አባ?»

«ሊቆጣ ይችላል» አሉ። «ቁጣው ሲበርድ ግን በቤታችሁ ሁለት ሰው ትሆናላችሁ። አሁን ብቻሽን ነሽ።»