የመርዕድ ማጠንጠኛ

በጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ አስጋሪዎች ዘንድ፣ ሰው ለትልቁ ነገር ሲንጠራራ እጁ ላይ ያለውን ትንሹን ሲዘነጋ የሚያነሷት አንዲት ቃል አለች። ዛሬ ቤት የሚሠራውም፣ ልጅ የሚድረውም ይላታል፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ለጨዋታ የተፈጠረች አይደለችም፤ ደም የፈሰሰባት ቃል ናት።

መርዕድ የሚባል አስጋሪ ነበር። እናትና አባቱን ወባ በአንድ ክረምት ስለወሰደበት፣ የስድስት ዓመት እህቱን ዘርፌን ያሳደጋት እሱ ነው። ሐይቅ እየወረደ፣ ለራሱ ሳይል፣ ለወግ ለማዕረግ አደረሳት። ዘርፌ ስትታጭ የሙሽራው ወገኖች ከደጋ ወርደው ቤቱን አዩ። ሲወጡ አንደኛው ሽማግሌ፣ መርዕድ የማይሰማው መስሎት፣ "ልጅቱስ መልካም ናት፤ ቤቱ ግን ሰው የለበትም" አለ።

ይህች ንግግር በመርዕድ ሆድ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ሲቀዝፍም፣ ሲበላም፣ ሲተኛም ትሰማዋለች። በመጨረሻ ቆረጠ። በሰርጉ ዕለት፣ መረብ የሚበጣጥሰውን፣ ሁለት ሰው በአጣና የሚሸከመውን ነጭ ዓሣ በአማቾቹ ፊት አስገባለሁ አለ። ያን ጊዜ ቤቱ ሰው ይኑረው አይኑረው ያያሉ።

እንዲህ ያለው ዓሣ በመረብ አይያዝም። መርዕድ ግን፣ መንገድ ሲሠራ የነበረ አንድ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ የተወለት የማጥመጃ ዘንግ ነበረው። ዘንጉ ጠንካራ ነው። ናይለኑን የሚለቅና የሚሰበስብ፣ እጀታ ያለው ማጠንጠኛም አለው። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ማጠንጠኛውን ከዘንጉ ጋር አጣብቆ የሚይዘው የብረት ቀለበት ዝጎ ተሰብሯል። ለትንንሹ ዓሣ በሲባጎ ታስሮ ይሠራበታል። ለትልቁ ግን አይሆንም።

ሰርጉ ለእሑድ ተቆርጦ ሳለ፣ ሐሙስ ጠዋት መርዕድ ዘንጉን ይዞ ኦልታዬ ቤት ሄደ። ኦልታዬ ስምንት ዓመት በአንድ ጀልባ አብሮት የሠራ ጓደኛው ነው። እጁ ለቋጠሮ የተፈጠረ ይሉታል፤ በሐይቁ ዳር የተቀደደ መረብ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እሱ ደጅ ይደርሳል። ማጠንጠኛውን ዘንጉ ላይ አስቀምጦ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ነቀነቀው።

"ይሄ በጠፍር ነው የሚታሰር" አለ። "ጠፍሩ ዛሬ ውኃ ውስጥ ይዋል። ሲለሰልስ እጠመጥመዋለሁ። ነገ ፀሐይ ሲመታው ይሰበሰብና እንደ ብረት ይነክሳል። ቅዳሜ ጠዋት እንወርዳለን።"

"ሰርጉ እሑድ ነው እኮ። ቅዳሜ ባይገኝስ?"

"ባይገኝ አልተገኘም። በማይዝ ዘንግ ግን ለትልቅ ዓሣ አይወረድም።"

መርዕድ አላስቻለውም። "ኮርቻ ሠሪው ዘንድ የተዘጋጀ ጠፍር አይጠፋም፤ እዚያ ወስጄ አሳስረዋለሁ። ነገ ጎሕ ሲቀድ እንገናኝ" ብሎ ዘንጉን መልሶ ያዘ።

በእውነትም ወደ ኮርቻ ሠሪው ሄዷል። ሰውየው ግን ገበያ ወጥቶ ነበር፤ እስከ ማታ አይመለስም አሉት። መርዕድ እደጁ ትንሽ ቆመ፣ ፀሐይዋን አየ፣ ቀኖቹን ቆጠረ። ከዚያ ቤቱ ገባና ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ከመነዳሪ ላይ ረዘም ያለ ቁራጭ ቀደደ። ማጠንጠኛውን በዚያ ጠመጠመው፤ ደጋግሞ ጠመጠመው። በእጁ ሲጎትተው ንቅንቅ አላለም። ጎማው እንዳይታይ ከላዩ ጨርቅ አለበሰበት። ጨርቁን ሲያለብስ ልቡ አንድ ጊዜ ከበደው፤ ግን የአንድ ቀን ነገር ነው ብሎ ተወው።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ጀልባዋ አጠገብ ተገናኙ።

"አሳሰርከው?" አለ ኦልታዬ።

"አሳስሬዋለሁ።"

"በጠፍር?"

መርዕድ ጎንበስ ብሎ የጀልባዋን ገመድ ፈታ። "በጠፍር።"

"እስቲ ጨርቁን ግለጠውና ልየው።"

"ይረፍድብናል። አታምነኝም እንዴ?"

ስምንት ዓመት በአንድ ጀልባ የኖረ ሰው እንዲህ ሲባል ምን ይመልሳል? ኦልታዬ መቅዘፊያውን አነሳ።

ውኃው ጥልቅ ወደሆነበት ቀዝፈው ቆሙ። መርዕድ መንጠቆው ላይ ትንሽ ዓሣ ሰክቶ ጣለ። ፀሐይ ወጥታ ተራራዎቹ ጥላቸውን እስኪሰበስቡ ድረስ ምንም አልነበረም። ከዚያ ዘንጉ ተቆለመመ፤ ጀልባዋም ወደ ጎን ዞረች። ከሩቅ አንድ ነጭ ጎን ከውኃው ወጥቶ አበራና መልሶ ጠለቀ። መርዕድ በዕድሜው እንደዚያ ያለ ዓሣ አላየም። በአጣናው ላይ ተንጠልጥሎ ታየው፤ የሽማግሌዎቹም ፊት ታየው።

"ልቀቅለት፤ ይሩጥ" አለ ኦልታዬ ከፊት ሆኖ። "አትገትረው።"

መርዕድ ግን የሚያመልጠው መሰለውና ገተረው። ጎማው ተለጠጠ። ማጠንጠኛው መጀመሪያ ዘመም አለ፣ ቀጥሎ ጎማውን በጥሶ ከጨርቁ ሾልኮ ወጣ፣ በዘንጉ ላይ ወደ ፊት ተወረወረ። ኦልታዬ ፊት ለፊቱ ሲመጣበት ሳያስብ በቀኝ እጁ ቀለበው። የተዝረከረከው ናይለን ጣቶቹ ላይ ዞረ፤ ዓሣውም በዚያው ቅጽበት ጎተተ። ኦልታዬ በደረቱ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ወደቀ፤ ክንዱ እስከ ትከሻው ውኃ ውስጥ ገባ።

"ቁረጠው" አለ ኦልታዬ። አልጮኸም፤ ትንፋሽ አልነበረውም።

የመርዕድ ቢላዋ ወገቡ ላይ ነበር። አወጣው። ነጩ ጎን ያን ጊዜ እንደገና ከውኃው ወጣ፤ ቀርቦ ነበር። መርዕድ አንዲት ትንፋሽ ያህል ቆመ። ከዚያ ቆረጠ። ያችን አንዲት ትንፋሽ እስከ ዕድሜው ማብቂያ አልረሳትም፤ ኦልታዬ እንዳያት ወይም እንዳላያት ደግሞ አንድም ቀን ጠይቆት አያውቅም።

ጎትቶ ወደ ጀልባዋ ሲመልሰው ናይለኑ የኦልታዬን ሁለት ጣቶች እስከ አጥንት በልቷቸው ነበር። መርዕድ ሸሚዙን ቀዶ አሰረለት። የኦልታዬ ዓይን ጀልባዋ ወለል ላይ አረፈ፤ የተበጠሰው ጥቁር ጎማ እዚያ ተጋድሟል። በጤነኛ እጁ አነሳው።

"ጠፍር አልነበረም" አለ። መርዕድም እስከ ወደቡ ያለ ፋታ ቀዘፈ፤ ፊቱን ግን ከጓደኛው አዞረ።

በጤና ጣቢያው ሁለቱን ጣቶች ማዳን አልተቻለም። ሰርጉ እሑድ በሽሮና በምስር ተደገሰ። ኦልታዬ እጁን አስጠቅልሎ መጥቶ መረቀ፤ መርዕድ ግን ጎኑ መቀመጥ አቅቶት ቆሞ ዋለ። ዘርፌ ነገሩን ከሴቶቹ ሰምታ ኖሮ፣ ስትሸኝ የወንድሟን አንገት አቅፋ በጆሮው፣ "ወንድም ጋሼ፣ እኔ መቼ ዓሣ ጠየቅኩህ?" አለችው።

ሰኞ ጠዋት መርዕድ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ዘንጉንም በእጁ ይዞ፣ አስጋሪዎቹ በሚሰበሰቡበት ጥላ ሥር መጣ። ነገሩን የሚያዩት ጀልባ ሲሠሩ ያረጁት አቶ አንጁሎ ናቸው። መርዕድ ተንበርክኮ የኮርቻ ሠሪውን ደጅ፣ ጎማውን፣ ጨርቁን፣ ውሸቱን አንድ በአንድ ተናገረ። ቢላዋውን ይዞ የቆመባትንም ትንፋሽ ተናገረ። ኦልታዬ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ።

"አንተስ ምን ትላለህ?" አሉት አቶ አንጁሎ።

"ጣቶቼን አልጠይቀውም" አለ ኦልታዬ። "ጨርቁን ግለጥ ብዬው ነበር። ቢገልጥልኝ አልቆጣም፤ ተመልሰን እናስረው ነበር። የሚያመኝ አለመግለጡ ነው።"

አቶ አንጁሎ ድንጋዩን ከመርዕድ ማጅራት በገዛ እጃቸው አወረዱ። "ከእንግዲህ የኦልታዬ እጅ የሚቋጥረውን ሁሉ የአንተ እጅ ይቋጥራል" አሉት። "እሱ ያይሃል። ልል ነው ካለህ ትፈታለህ፤ እንደገና ታስራለህ። አይሰለችህም።"

ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ፍርዱም ተፈጽሟል፤ መርዕድ ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት በኦልታዬ ደጅ ተቀምጦ መረብ ሲጠግን ይታይ ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ ኦልታዬ በቀን አሥር ጊዜ ያስፈታው ነበር፤ ኋላ ኋላ ግን በአውራ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ ያልፈዋል።

በዚያ ሰኞ ግን፣ ሰው ሊበተን ሲል፣ ከአስጋሪዎቹ አንዱ አላስችል ብሎት፣ "ለመሆኑ ዓሣው ምን ያህል ነበር?" ሲል ጠየቀ። አቶ አንጁሎ ዘንጉን ከመሬት አንስተው ማጠንጠኛው የነበረበትን ባዶ ቦታ በጣታቸው ዳሰሱና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦ "ትልቅ ዓሣ ናፍቆ፣ ትንሽ ቋጠሮ ንቆ።"