ልጓም የለመደ እጅ

አንድ ሰው ነበረ፤ በበቅሎ አገር አድጎ አውሮፕላን አብራሪ የሆነ። ዓይናዲስ፣ «መምህር፣ አውሮፕላኗ ስትታጠፍ አፍንጫዋን ቀና እያደረግኳት ለምን ትወርድብኛለች?» ብለሽ ስለ ጠየቅሽኝ የእሱን ነገር ልንገርሽ።

ይህ ሰው አንድ ጠዋት ምጥ የጠናባትን ሴት ከነባሏ አሳፍሮ ከቆላ ወደ ከተማ ሐኪም ቤት ይበር ነበር። ሸለቆው ጸጥ ብሏል። ደመናው በግራ በቀኝ እንደ ተነደፈ ጥጥ ተከምሮ፣ የተራሮቹ ጫፍ ብቻ ብቅ ብሎ ይንሳፈፋል። ሴትዮዋ እንኳ ማቃሰቷን ትታ በመስኮት ታያለች። ሰውየውም ደስ አለው፤ የሚበር ሳይሆን ተኝቶ የሚያልም መሰለው።

በዚህ መሃል የተራራው ማለፊያ በደመና ተዘጋ። ዞሮ በሌላ በኩል መሄድ ግድ ሆነ።

በቅሎ መታጠፊያ ላይ አትጣደፍም። ቀስ ታደርጊያታለሽ፤ እንዳትደናቀፍም ልጓሟን ሳብ አድርገሽ ራሷን ቀና ታደርጊያታለሽ። የሰውየውም እጅ የለመደውን አደረገ። ሞተሩን ቀነሰ፣ ክንፉን አጋደለ፣ መሪውን ወደ ደረቱ ሳበ። ምስኪን! ክንፍ ሲጋደል አውሮፕላኗን ከሚያነሳበት ኃይል ከፊሉ ወደ ጎን ይሄዳል፤ የሚያዞራት እሱ ነው። ክብደቷን የሚሸከመው የተረፈው ብቻ ነው። አፍንጫዋ ቀና ሲል ደግሞ ዳገት ጀመረች ማለት ነው፤ ዳገቱን የሚያስወጣት ሞተሩ ነው፣ ሰውየው ግን እሱን ቀንሶታል። አውሮፕላኗ ቀና እንዳለች ፍጥነቷ አልቆ ትሰምጥ ጀመር። ክንፎቿ ተንቀጠቀጡ። ገደሉ ቀረበ።

«ኧረ በማርያም፣ ወደ ላይ!» አለ ባልየው።

ሰውየው የተማረው ትዝ ብሎት መሪውን ወደፊት ገፋው። አፍንጫዋ ወደ ገደሉ ስታዘነብል ባልየው ዓይኑን ጨፈነ። ሰውየው ግን የተጋደለውን ክንፍ ጥቂት አቃና፣ ሞተሩን እስከ ጥጉ ከፈተ፤ ፍጥነቷ ሲመለስ መሪውን ቀስ አድርጎ ሳበ። ዞረች። ሴትዮዋም በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ገብታ በሰላም ተገላገለች።

ዓይናዲስ፣ ነገ ብቻሽን ነው የምትበሪው፤ አጠገብሽ የለሁም፣ እውነቱን ልንገርሽ እኔም ፈርቻለሁ። ያ ሰው እንዳደረገው የአንቺም እጅ መሬት ሲቀርብ ወደ ደረትሽ ይስባል። ቀና ማለት ግን መውጣት አይደለም። የፈራ እጅሽን አትስሚው፤ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጊ፣ ጉልበት ስጪያት፣ ከዚያ ዙሪ።