ደማሟ መኪናና የናፍጣ ወዝ

ተረት ልጀምር ነው፤ «ይሁን» በሉ። «ይሁን» ያላላችሁ ተኙ፤ ተረቱ ማንንም አይለምንም። የሚያስቅ የምትጠብቁም ካላችሁ ከአሁኑ ንገሩኝ፤ የዛሬው እንደዚያ አይደለም።

ድሮ ድሮ፣ መኪና እንደ ሰው በሚናገርበት፣ ጨርቅም እንደ አማት በሚያጉረመርምበት ዘመን፣ በአንዲት የቆላ ከተማ አንዲት ቀይ የስፖርት መኪና ነበረች። ወገቧ ዝቅ ያለ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ስትነሳ ድምጿ ሰፈሩን የሚያስደነግጥ። ባለቤቷ አቶ ዘርጋው «ደማም» ብለው ስም አወጡላት። ሥራዋ አንድ ነው፤ ሙሽራ መውሰድ። አበባና ሪባን አድርጋ፣ ከኋላዋ ጥሩንባ የሚነፋ አጀብ አስከትላ፣ ሙሽሪትን ከእናቷ ቤት ወደ ድግሱ ታደርሳለች። ከዚህ ሌላ የምታውቀው ኑሮ አልነበራትም፤ ሌላም አልተመኘች።

ምን ያደርጋል! አቶ ዘርጋው ለወንበሯ ቬልቬት ሲገዙላት የምትቆምበት ጥላ መሥራት ረሱ። ፀሐይ ከማለዳ እስከ ማታ ጀርባዋ ላይ ተቀመጠች።

«ፀሐይ ሆይ፣ ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ» አለቻት ደማም።

«እኔ መንገዴን ነው የምሄደው። አንቺ ፈቀቅ በይ» አለች ፀሐይ።

ቁልፉ ያለው አቶ ዘርጋው ኪስ ውስጥ ነው፤ ወዴት ትፈቀቅ? ቀዩ ቀለሟ እየገረጣ፣ እየገረጣ ሄደና አመድ የነሰነሱበት በርበሬ መሰለ። የዓመቱ የመጀመሪያ ሠርገኞች መጥተው አዩዋትና «ቀይ አላላችሁንም እንዴ?» ብለው ሄዱ። ሁለተኞቹ መጡና ከበር ተመለሱ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አቶ ዘርጋው ፊቷ ቆሙ። ዓይኗን ማየት አልቻሉም።

«ደማሜ፣ የሙሽራዋ የብርቄ ሚዜዎች ነገ ሊያዩሽ ይመጣሉ። ሠርጉ የነገ ሳምንት ነው። አንዱ ጥሎሽ ሄደ፣ ሁለተኛውም ጥሎሽ ሄደ። ሦስተኛው ከጣለሽ፣ ወይም ተመርጠሽ ካሳፈርሽኝ፣ ለፈታቾቹ እሰጥሻለሁ።»

ደማም ከመብራቷ እስከ ጭስ ማውጫዋ ተንቀጠቀጠች። ፈታቾቹ ሰፈር የገባ መኪና ሙሉ ሆኖ አይወጣም። በሩ አንድ ሱቅ ይሰቀላል፣ መብራቱ ሌላ ሱቅ ይሰቀላል፣ ሞተሩን የማያውቁት ሰው ጭኖት ይሄዳል።

«ጋሼ ዘርጋው፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ! ለእነሱ አይስጡኝ!»

«እኔስ ወድጄ መሰለሽ?» አሉ። ወደ ላቫጆው ነድተው አደረሷት፣ ቁልፉን ለአጣቢዋ ሰጡና ወደ ኋላ ሳያዩ ሄዱ።

አጣቢዋ እመት ጦጢት ነበረች። እጇ ፈጣን ነው፣ ምላሷም ፈጣን ነው፣ ሥራ ላይ ግን መቀመጥ ትወዳለች።

«እመት ጦጢት፣ ድረሽልኝ! ወዜን መልሺልኝ!» አለች ደማም።

«ወዝ የሚመልሱ ሦስት አሉኝ» አለች ጦጢት፣ ጅራቷን እያከከች። «ይናገሩ፤ አንቺ ምረጪ። በኋላ ጦጢት ነች ያጠፋችኝ እንዳትዪ።»

መጀመሪያ ከመደርደሪያው ላይ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ጠጣር ሰም ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔን በስሱ ትቀቢኛለሽ፤ እስክነጣ ትጠብቂኛለሽ፤ ከዚያ ክንድሽ እስኪዝል ትፈትጊኛለሽ። አንዱ በር ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከያዝኩ ግን ይዣለሁ።»

«ኧረ በሕግ!» ብሎ ጮኸ አያ ጨርቄ፣ ባልዲው አፍ ላይ የተሰጣው የመወልወያ ጨርቅ። «ባለፈው ከእሱ ጋር ስፈተግ ውዬ ግማሽ ጎኔ አለቀ። ከእሱ ጋር ከምውል ሽንት ቤት ቢወለወልብኝ ይሻለኛል!»

እመት ጦጢትም ክንዷን አይታ «እሱስ እውነቱን ነው» አለች። ቆርቆሮው ክዳኑን ዘጋ።

ሁለተኛ ፈሳሽ ሰም የያዘችው ብልቃጥ ተናገረች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። «የእኔ ሥራ ቀላል ነው። በሳሙና ታጠቢ። ከዚህ ዳስ ጥላ ሥር ቁሚ። ጥቂት ጠብታ ጨርቁ ላይ አድርገው ይቀቡሽ፣ ወዲያው ይጥረጉሽ፤ አለቀ። ዛሬ አንዴ፣ ነገ አንዴ፣ ከነገ ወዲያ አንዴ። ቀለምሽ አልሞተም፤ አመድ ነው የለበሰው። እኔ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አነሳልሻለሁ። መያዜን ለማወቅ ውሃ ያፍስሱብሽ። ውሃው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከወረደ ይዤሻለሁ።»

«ነገ ጠዋት ቀይ እሆናለሁ?»

«ነገ ጠዋት ከዛሬው ትሻያለሽ። ቀይ የምትሆኚው ከነገ ወዲያ ነው።»

«ከነገ ወዲያማ ሚዜዎቹ የሉም!» አለች ደማም።

ሦስተኛ ከመሬት፣ ከቢጫ ጀሪካን ውስጥ፣ ናፍጣ በሳቅ ተንቦጫረቀ። «ኧረ ወዲያ! ከነገ ወዲያ ብሎ ነገር ምንድን ነው? እኔን በጨርቅ ነክሮ አንዴ ዳበስ ነው፤ አሁኑኑ ትቀያለሽ! ስንቱን አሮጌ ታክሲ ሙሽራ አስመስዬ ሰድጃለሁ፤ ሾፌሮቹን ጠይቂ!»

«እሱ ወዝ አይሰጥም፤ ያረጥባል እንጂ» አለች ብልቃጧ። «አቧራ ባየ ቁጥር ና ብሎ ይጠራል።»

«ቅናት!» አለ ናፍጣ።

ደማም በላቫጆው መስታወት ራሷን አየች። አመድ የለበሰች አሮጊት መልሳ አየቻት። ነገ ጠዋት ሚዜዎቹ የሚያዩት ይህንን ነው። «የነገው ጠዋት ካመለጠኝ ከነገ ወዲያ ምን ይሠራልኛል? ናፍጣውን ቀቢኝ» አለች።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?» አለች ጦጢት።

«ሰምቻለሁ። የዘገየችዋ ምን እንደሆነች ግን የነገረኝ የለም።»

«ገላው ያንቺ ነው» አለች እመት ጦጢት። ለእሷም ሥራው አጥሮላት ነበርና ብዙ አልተከራከረችም። አያ ጨርቄን ናፍጣ ውስጥ ነከረችው፤ ዳበስ፣ ዳበስ፣ ዳበስ አደረገቻት። ደማም ቀላች። ፍም መሰለች።

እሑድ ጠዋት ሚዜዎቹ እዚያው ላቫጆው መጡ። «እሳት ናት!» አለ አንደኛው። «ሌላ ማየት አያስፈልግም!» አለ ሁለተኛው። አቶ ዘርጋው እጃቸውን እያፋተጉ ሳቁ። ደማም ግን ሳቁ አልመጣላትም። ከውስጧ አንድ ነገር «ይህ ያንቺ አይደለም» ይላት ነበር።

ደማም እስከ ሠርጉ እዚያው ላቫጆው ቆየች። ሰኞ ብልቃጧ ከመደርደሪያው ጠራቻት። «ደማም፣ ተመርጠሻል፤ እሰየው። እስከ ሠርጉ ጊዜ አለሽ። አሁን ናፍጣውን በሳሙና ታጠቢና ለእኔ ሦስት ቀን ስጪኝ።»

«ናፍጣው ሲታጠብ አመዱ ይወጣል» አለች ደማም። «በዚያ መሃል ጋሼ ዘርጋው ቢመጡስ? ገርጥቼ ቢያዩኝስ?»

«ሦስት ቀን እኮ ነው። ንገሪያቸው፤ ይገባቸዋል።»

«አንቺማ መደርደሪያ ላይ ነሽ። አንቺን የሚፈታሽ የለ።»

ማታ ማታ የመንገዱ አቧራ መጥቶ ደማም ላይ ተኛ፤ አልነሳ አለ። ጠዋት ጠዋት እመት ጦጢት ቆሻሻው ላይ ሌላ ናፍጣ ደረበች። ደማም ከሩቅ ታበራለች። ከቅርብ የሚያያት አልነበረም፤ አያ ጨርቄ ብቻ፣ እሱም ጠቁሮ ጠቁሮ ንግግር ትቶ ነበር።

የሠርጉ ዕለት ማለዳ ብልቃጧ ለሦስተኛ ጊዜ ለመነቻት። «ሰም ይቅርብሽ። እኔም ልቅርብሽ። ግን ታጠቢ። ገርጥተሽም ቢሆን ንጹሕ ሆነሽ ሂጂ፤ የሰው ልጅ ነው የምትሸከሚው።»

«አውቃለሁ» አለች ደማም። «አውቃለሁ እኮ፤ ግን አልችልም። አንዴ በዚህ መልክ አይተውኛል። እመት ጦጢት፣ ቀቢኝ። ዛሬ ደግሞ አብዝተሽ ቀቢኝ።»

እንግዲህ ስሙ። ፍርሃት ያልገባው ሰው «ምን ዓይነት ሞኝ ናት» ይላል። እኔ አልልም። አፋፍ ላይ የቆመ የያዘውን ቅጠል አይለቅም፤ ቅጠሉ እንደማያድነው ቢያውቅም አይለቅም።

አበባ የሚያስሩት ልጃገረዶች መጡ። ሪባኑን በፕላስተር ሲለጥፉት ተንሸራቶ ወደቀ። ደግመው ለጠፉት፤ ደግሞ ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ አንደኛዋ ጣቷን አሽትታ ፊቷን አኮማተረች፤ በሲባጎ አሰሩት። አቶ ዘርጋው መሪውን ያዙ፤ ደማም ጉዞ ጀመረች። ወደ ብርቄ ቤት የሚወስደው መንገድ አስፋልቱ ተነስቶ ዱቄት የመሰለ አፈር ለብሶ ነበር። አፈሩ ተነሳ፤ ደማም ላይ አረፈ። መለጠፍ የነበረበት አልለጠፍ ብሎ፣ መራቅ የነበረበት ሁሉ ተለጠፈባት። ግቢው ስትደርስ ፍም አልነበረችም። የከሰል ሰፌድ ነበረች።

ያኔ ብርቄ ወጣች። እልልታው ደመቀ። ቬሎዋ ነጭ ነው፤ እናቷ ሁለት ጊዜ በእንፋሎት አስተኩሳ፣ ማንም እንዳይነካው ቁም ሣጥን ቆልፋበት ያቆየችው ነጭ። ሚዜው በሩን ከፈተ። ብርቄ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ልትገባ ጎንበስ ስትል ነፋስ ጫፉን አነሳና የደማምን በር አስታከከው። ከጉልበቷ እስከ እግሯ ጥቁር መስመር ተሰመረ።

እልልታው ተቋረጠ።

«እማዬ፣ ልብሴ!» አለች ብርቄ።

አክስቷ መሐረብ በውሃ ነክራ ሮጠች። አሸችው፤ ናፍጣው ሰፋ። ደግማ አሸችው፤ ደግሞ ሰፋ። ብርቄ ሚዛኗን ልትጠብቅ በሩን ያዘች፣ መዳፏን አየች፣ መዳፏም ጠቁሯል። አልጮኸችም። ደማምን እያየች ቀስ ብላ «ምን አድርጌሽ ነው?» አለቻት።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አለች ደማም።

ሙሽሪት በጎረቤት ሚኒባስ ሄደች፤ እናቷ እያለቀሰች ተከተለቻት። አቶ ዘርጋው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ሲባጎውን ፈቱ፣ አበባውን አንድ በአንድ አነሱ፣ ደማምንም ወደ ላቫጆው መለሷት።

«ፈታቾቹ ረቡዕ ይመጣሉ» አሏት እመት ጦጢትን። «ንጹሕ አድርጊልኝ፤ ያዩዋታል።»

እመት ጦጢት ዕድሜዋን በሙሉ ያላደረገችውን አደረገች፤ ሳትቀመጥ ሠራች። ናፍጣውን በሳሙና አጠበችው። አዲስ ጨርቅ አመጣች። ሰኞ ከብልቃጧ አንዴ ቀባቻት፤ ማክሰኞ አንዴ፤ ረቡዕ በማለዳ አንዴ። ሥራው ቀላል ነበር። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ነው የሚያንገበግበው። ውሃ አፈሰሰችባት፤ ውሃው ዶቃ ዶቃ እየሆነ ተንከባለለ፣ ወረደ፣ አንድም አልቀረ።

«ቀይ ነኝ?» አለች ደማም። መስታወቱን ማየት ፈርታ ነበር።

«ነሽ።»

«እንደ ድሮው?»

«ከድሮውም ትበልጫለሽ» አለች እመት ጦጢት፤ ፊቷን አዞረች።

አቶ ዘርጋው መጥተው ሲያዩዋት ደርቀው ቀሩ። ደማም ዕድል ያገኘች መሰላት። «ጋሼ ዘርጋው፣ አዩኝ? ይህ የራሴ ነው። ማንም ቢነካኝ አይለቅም። ይንኩኝ!»

ዳሰሷት። መዳፋቸው ንጹሕ ነበር። ቆሙ፤ ቆሙና «ምነው ባለፈው ሳምንት እንዲህ በሆንሽ!» አሉ። «ዛሬ ማን ይሳፈርሻል ደማሜ? ከተማው ሁሉ ስምሽን ቀይሮታል፤ ሙሽራ ያቆሸሸችው ይልሻል። ልጄን ባንቺ ልዳር የሚል እናት የለም።»

ፈታቾቹ መፍቻቸውን ይዘው ገቡ። «ወይ ቀለም! እንዲህ ያለ በር አይተን አናውቅም!» አሉ። ስላማረ መጀመሪያ የነቀሉት በሩን ነው። የቀኙን በር አንዱ ነጋዴ ወደ ምሥራቅ፣ የግራውን ሌላው ወደ ምዕራብ ወሰደው። መብራቶቿን ሲያወጡ «ጨለመብኝ፤ እመት ጦጢት፣ አለሽ?» አለች። «አለሁ» አለች ጦጢት። ሞተሯን ሲያነሱት መናገር አቆመች።

ወዳጆቼ፣ ለዓይን የተቀቡት ወዝ በእጅ ሲነካ ይጋለጣል። የሚያድነው ቅባት ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀላሉ ነው፤ የሚከብደው፣ እሱ ሥራውን እስኪሠራ ገርጥቶ መታየት ነው።

ተረቴን መልሱልኝ። ዳቦውን ግን እናንተው ብሉት፤ ዛሬ እኔ አይዋጥልኝም።